የእታለም ልክ

ሙጫ የሚለውን ስም ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት፤ ለስሙም ሁለት ምክንያት ነበረው። አንደኛ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እጇ ከማጣበቂያ ተለይቶ አያውቅም። ካርቶን አግኝታ ሳትቀድ፣ ቁራጭ ጨርቅ አግኝታ ሳትለጥፍ የዋለችበት ቀን የለም። ሁለተኛ፣ እናታቸው ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ስለነበረች፣ በአሥር ዓመት የምትበልጣት እህቷ ቀሚስ ላይ ተለጥፋ ነው ያደገችው። እህቷ ሱቅ ስትሄድ ትከተላለች፤ ሥራ ልትፈልግ ስትሄድ በር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ መታጠቢያ ቤት ስትገባ እንኳ ከውጭ ሆና በሩን እየቧጠጠች ታወራታለች። «አንቺ ልጅ፣ ሙጫ ነሽ እንዴ?» አለቻት እህቷ አንድ ቀን ቢመራት። ስሙ በዚያው ጸና። ዛሬ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ በምትሠራበት መነጽር ቤት መዝገብ ላይ ካልሆነ በቀር ሌላ ስም እንዳላት የሚያስታውስ የለም።

ታላቂቱን ደግሞ ሰው ሁሉ እታለም ይላታል። መጀመሪያ እንደዚያ የምትጠራት ሙጫ ብቻ ነበረች፤ ቀስ በቀስ ጎረቤቱ ለመደው፤ ኋላ በዕድሜ የሚበልጧት ሰዎች ሳይቀሩ «እታለም የለችም?» እያሉ በሩን ማንኳኳት ጀመሩ። እታለም ቁመቷ መለል ያለ፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ አካሄዷ ዓይን የሚስብ፣ ወሬዋ የማያልቅ ሴት ነበረች። አንድ ክፍል ውስጥ ስትገባ ክፍሉ የሚጠብባት ዓይነት።

በከተማው ውስጥ በእጃቸው ነገር መሥራት የሚወዱ ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር አለ። ነርስ አለበት፣ ጡረተኛ አለበት፣ ታክሲ ነጂ አለበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ክፍሉን ይለቅላቸዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የትርኢት ልብስ ያሳያሉ። ደንባቸው አንድ ነው፤ ተገዝቶ የመጣ ነገር አይገባም፤ ሁሉም በገዛ እጁ፣ በተቻለ መጠን ከተጣለ ዕቃ የሠራውን ይዞ ይቀርባል።

ሙጫ ሰው ፊት መቆም አይሆንላትም። ሦስት ሰው ካያት አፏ ይተሳሰራል፣ አምስት ሰው ካያት የምትደበቅበት ትፈልጋለች። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ዓመት ሙጫ ሠሪ፣ እታለም ለባሽ ሆኑ። አንድ ዓመት እታለም ከጠርሙስ ክዳን የተሠራች ዓሣ ሆነች፤ አንድ ዓመት ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠች አዞ። ከመድረክ ስትወርድ ሰው እጇን ይጨብጣል፤ እሷ ደግሞ መጋረጃ ጀርባ የተሸሸገችውን እህቷን በክርኗ ጎትታ ታወጣና «እኔ እኮ መስቀያ ነኝ፤ ሠሪዋ ይቺት» ትላለች። ሙጫ የዚያን ጊዜ መሬት ብትውጣት ደስ ይላታል፤ ግን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ያንን ደቂቃ ነበር።

እታለም አርባ ዓመት ሞልቷት፣ ሰው ሁሉ «ይቺ እንግዲህ ትዳርን ረስታዋለች» ባለ ጊዜ፣ ወደብ ላይ ክሬን የሚነዳ ሰው አገባች። ሰውየው ደግ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ እሷ ስታወራ አፏን እያየ የሚስቅ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ፤ ሥራው ያለው ባሕር ማዶ ነው።

ልትሄድ አሥር ቀን ሲቀራት ሙጫ አሮጌ ካናቴራ አለበሰቻትና ክፍሉ መሃል አቆመቻት። ከዚያ ካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ይዛ ከአንገቷ እስከ ዳሌዋ፣ አንዴ በአግድም አንዴ በሰያፍ እያደረገች፣ ገላዋን ተከትላ ጠቀለለቻት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈጀ።

«እስከ መቼ ነው የምቆመው?» አለች እታለም።

«ሦስተኛው ድርብ እስኪያልቅ። ዝም በዪ፣ ስታወሪ ደረትሽ ይነሳል።»

«እኔን ዝም ለማሰኘት ይኼን ሁሉ ፕላስተር ከምትጨርሺ አፌ ላይ አንዷን ብትለጥፊ አይበቃም ነበር?»

ሁለቱም ሳቁ፣ ደረቷም ተነሳ፣ ሙጫም ግራ ጎኗ ላይ ያለውን አንሥታ እንደ አዲስ ለጠፈችው። ሲያልቅ ከጀርባዋ በመቀስ ቀደደችና እንደ ቅርፊት አወለቀችላት። የተቀደደውን መልሳ አሸገች፣ ውስጡን በአሮጌ ልብስና በጋዜጣ ጠቀጠቀች፣ ከተበላሸ ባለ መቆሚያ ማራገቢያ ላይ በነቀለችው ዘንግ ላይ አቆመችው። ራስ የሌለው፣ ክንድ የሌለው፣ ነገር ግን ከአንገት በታች ቁርጥ እታለምን የሆነ ገላ ወጣ። የቀኝ ትከሻዋ ትንሽ ከፍ ማለቱ ሳይቀር አለ። እታለም ዞር ዞር ብላ አየችውና «ዝምተኛዋ እህትሽ ይቺት እንግዲህ» አለች። ዝምተኛዋ ተብላ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

ሙጫ በየዓመቱ መሥራቷን አልተወችም። የምትለብስላት ግን የለችም። ዝምተኛዋን አልብሳ፣ በጋሪ አድርጋ አዳራሽ ትወስዳታለች፤ ጥግ ላይ ታቆማታለች። የማኅበሩ ሰዎች ሌላ ለባሽ እንድትፈልግ መከሯት፤ ነርሷ «እኔ ልልበስልሽ» ብላ ነበር። ሙጫ ግን «ልኩ የእታለም ነው» ትላለች። ዕድሜ ልካቸውን ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡት፣ ጋሽ ሊፍት የሚሏቸው ሰውዬ፣ በየዓመቱ ጋሪውን ሲያዩ «እህትሽ ዘንድሮም ቆማ አልደከማትም?» ይሏታል። ትስቃለች።

እሑድ እሑድ በስልክ ያወራሉ። እታለም «ዘንድሮ እመጣለሁ» ማለት ልማዷ ሆነ። መጀመሪያ ባሏ ፈረቃ አላልቅለት አለ፤ ከዚያ አማቷ አልጋ ላይ ዋሉና ስድስት ዓመት አስታመመች፤ አማቷ ካረፉ በኋላ ደግሞ ሁለት ዓመት ተኩል «ትንሽ ጉዳይ አለብኝ» እያለች ቆየች። ሙጫ አትጠይቅም። ሥራዋን ትነግራታለች፤ «ዛሬ ወገብሽ ላይ ሁለት ጣት አጠበብኩ፣ ደረትሽ ላይ ግን ልክ መጣ» ትላታለች፤ እታለምም ከወዲያ ሆና ሁሉን ትሰማለች፣ ትቀልዳለች።

ስልኩ ሲዘጋ ነው ክፉው ሰዓት። ሙጫ ተመልሳ የሥራ ክፍሏ ትገባለች። ሜትር አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ፣ ዝምተኛዋ ትከሻ ላይ ጨርቅ ስታስተካክል እጇ እዚያው ይቀራል። ፕላስተሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ሲይዙት ግን ቶሎ ይሞቃል። አንዳንዴ ታወራታለች። መነጽር ቤቱ ውስጥ ስለመጣ ደንበኛ፣ ስለተሰበረ ሌንስ፣ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ። ሰው ቢሰማት ለየላት ይላል፤ እሷ ግን አልለየላትም፤ የናፈቀችውን ነው የምታወራው።

በአሥራ አንደኛው ዓመት አንድ እሑድ እታለም ደወለችና «ትኬት ቆርጫለሁ» አለች። ሙጫ የያዘችውን መቀስ አስቀመጠች።

«ሙጭዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«አሥራ ስምንት ቀን ነው የምቆየው። ትርኢታችሁ በመጣሁ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ይውላል፤ ቆጥሬዋለሁ።»

ሙጫ ምን እንደምትሠራ ለማሰብ አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። እታለም አሥራ አንድ ዓመቷ ሳለ ትምህርት ቤታቸው የወፎች ጭውውት አዘጋጅቶ ነበር። እታለም ቁራ መሆን ፈለገች፤ ቁራ የሚናገረው ብዙ ነውና። አስተማሪዋ ግን ቁመቷን አይታ ዛፍ አደረገቻት። አንድ ሰዓት ሙሉ ክንዷን ዘርግታ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ሌሎቹ ሲያወሩ ቆመች። ይህን ታሪክ ሙጫ መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፤ እታለም በነገረቻት ቁጥር የቁራይቱን ንግግር እንዳለ በቃሏ ትወጣዋለች። አርባ ዓመት ሙሉ አልረሳችውም።

ስለዚህ ቁራ። ዝናቡ ካባራ በኋላ ሙጫ ከአውቶቡስ መቆሚያው፣ ከቆሻሻ ገንዳው፣ ከየጎረቤቱ በር ሥር የተሰበረ ጃንጥላ ለቀመች። ሃያ ስድስት ሆኑ። ሽቦዎቻቸውን ፈትታ የክንፍ አጥንት አደረገቻቸው። ጥቁሩን ጨርቅ በላባ ቅርጽ ቆረጠች፤ ጫፉ እንዳይተረተር እያንዳንዱን በሻማ ነበልባል ለበለበችው፤ ከታች ወደ ላይ እየደረበች ሰፋችው። የቁራ ጥቁረት ጥቁረት ብቻ አይደለም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ሰማያዊ ያወጣል፤ ለዚያ ብላ በየላባው ዳር ሰማያዊ ክር አስገባች። ዓይኖቹን ከመነጽር ቤቱ ከተጣለ የፀሐይ መነጽር ሌንስ ቆርጣ አወጣች። ሁለቱ ክንፎች ለባሿ ሁለት ክንዷን ወደ ላይ ስታነሣ እንደ ጃንጥላ ጠሽ ብለው የሚከፈቱ ነበሩ። ደረቱ፣ ጎኑ፣ ወገቡ ሁሉ ዝምተኛዋ ላይ ተለክቶ፣ እንደ ቆዳ እንዲለጠፍ ሆኖ ተሠራ። አምስት ወር ፈጀባት።

አውሮፕላን ማረፊያ ስትቀበላት መጀመሪያ አላወቀቻትም። ሰፊ ካፖርት የለበሰች፣ ትከሻዋ ወደ ፊት የገባ ሴት አጠገቧ መጥታ «ሙጫ» አለቻት። ድምፁ የእታለም ነው። ተቃቀፉ። እታለም በቀኝ ጎኗ ብቻ ነው ያቀፈቻት፤ ግራዋን መለስ አድርጋ።

«ከስተሻል፣ እታለም።»

«መንገዱ ነው። አንቺ ደግሞ ሸብተሻል፤ ሙጫ ሆነሽ ጥቁሩን ጸጉር መያዝ አቃተሽ?»

ሙጫ ሳቀች። ድምፁና ቀልዱ የድሮው ስለሆነ ሌላውን ሁሉ ልቧ ዘለለው።

ቤት እንደደረሱ የሥራ ክፍሉን በር ከፈተችላት። ቁራው ዝምተኛዋ ላይ ነበር፤ ክንፎቹ ታጥፈው። እታለም በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አሁን እንልበሰው?» አለች ሙጫ፣ እንደ ሕፃን እየተቁነጠነጠች። «ደክሞኛል፤ ነገ» አለች እታለም።

በማግስቱ ራሷን አመማት። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ልትጠይቅ ወጣች። በአራተኛው ቀን «ቀን ሞልቶ፣ ምን አስቸኮለሽ?» አለች፤ ድምፅዋም ቆጣ ያለ ነበር። ሙጫ ከፋት። ልብሱ ያስጠላት መሰላት፤ አሥራ አንድ ዓመት ባሕር ማዶ የኖረች ሰው የጃንጥላ ጨርቅ ብትንቅ አይፈረድባትም ብላ አሰበች። ልብሷን ስትቀይር በሩን እንደምትቆልፍም አስተዋለች። አብረው አንድ አልጋ ላይ ያደጉ ሰዎች ናቸው።

በአምስተኛው ቀን መነጽር ቤቱ ውስጥ መብራት ጠፋ። ሌንስ መሞረጃው ቆመ፤ ባለቤቱም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሠራተኛውን አሰናበተ። ሙጫ ቤት ስትገባ የሥራ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። እታለም ውስጥ ነበረች። ቁራውን ከዝምተኛዋ ላይ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አንጥፋዋለች። ሸሚዟን ከፍታለች። ከፕላስተሩ ገላ ፊት ለፊት ቆማ፣ አንድ እጇን በዝምተኛዋ ግራ ደረት ላይ፣ ሌላውን በራሷ ግራ ደረት ላይ አድርጋለች። በራሷ ግራ በኩል ምንም የለም። ጠባሳ ብቻ፣ ከብብቷ ጀምሮ እስከ ደረቷ አጥንት የሚወርድ።

ሙጫ የያዘችው ቦርሳ ወደቀ። እታለም ዞረች፤ ሸሚዟን ልትዘጋ ሞከረች፤ ከዚያ ተወችው።

«ካንሰር ነበር» አለች። «ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ጡቴን ቆረጡት፤ ከብብቴም ዕጢ አወጡ። ክንዴ ከዚህ በላይ አይነሣም።» ግራ ክንዷን አነሣች፤ ትከሻዋ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«እና አልነገርሽኝም።»

«አልነገርኩሽም።»

«በየሳምንቱ እየደወልኩ። በየሳምንቱ፣ እታለም። ራስሽ ሲመለጥ፣ ስታስመልሺ፣ እኔ ስለ ጠርሙስ ክዳን ሳወራሽ ዝም ብለሽ ሰማሽኝ?»

«ልነግርሽ ስል ስልኩን አነሣለሁ። አንቺ ደግሞ ትጀምሪያለሽ፤ ወገብሽን አጠበብኩት፣ ደረትሽ ልክ መጣ ትያለሽ። እኔ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቼ እሰማሻለሁ። እዚያ ሁሉ ሰው የሚያየኝ የጎደለውን ነው፤ ሐኪሙም፣ ባሌም፣ ደጉ ሰው፣ ዓይኑን ሲመልስ አየዋለሁ። አንድ ቦታ ግን አለሁ፤ አንቺ ክፍል ውስጥ ምንም ሳልጎድል ቆሜአለሁ። እሷን ማፍረስ አቃተኝ።»

«እኔ እኮ የናፈቅኩት አንቺን ነው» አለች ሙጫ።

«የቷን?»

ሙጫ የወደቀውን ቦርሳዋን አነሣች። ዞራ ወጣች።

እግሯ የወሰዳት ወደ ሙያ ትምህርት ቤቱ ነበር። ቅዳሜ አልነበረም፤ ግን ጋሽ ሊፍት በሥራ ፈትነት ከሳምንቱ አራት ቀን እዚያ ስለማይጠፉ ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ነው። የወንበር እግር እየላጉ አገኘቻቸው። ቁጭ አለችና ሁሉን ነገረቻቸው፤ ሰው ፊት አፏ የሚተሳሰረው ሴት አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ጋሽ ሊፍት መላጊያውን አስቀምጠው ሰሟት። አላጽናኗትም። ስትጨርስ አገጫቸውን እያሻሹ፦

«የግራው ክንፍ ስንት ኪሎ ይመዝናል?» አሉ።

«ምን አሉኝ፣ ጋሼ?»

«ክንፉን ነው የምልሽ። ሊፍት ሰውን ወደ ላይ የሚወስደው በሞተር ብቻ ይመስልሻል? በሌላው በኩል የሚወርድ ብረት አለ። እኩያው ነው። እሱ ሲወርድ ሰውየው ይወጣል፤ ሞተሩ የሚሠራው ትንሽ ነው። ክንፉ ኋላ ላይ ካለው ሽቦ ጋር በማጠፊያ ከታሰረ፣ ጭራው ውስጥ ብሎን የተሞላ ከረጢት ቢንጠለጠል፣ ክንዷን ማንሣት አያስፈልጋትም። መዘውር አለኝ። ትናንሽ ናቸው።»

ሙጫ አየቻቸው። ለቅሶው በዚያው መጣ፤ ሽማግሌውም ፊታቸውን አዙረው ወንበራቸውን መላግ ጀመሩ።

ቤት ስትመለስ እታለም የሥራ ክፍሉ ውስጥ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ሸሚዟን ዘግታለች። ጭኗ ላይ አሮጌ ካናቴራና ሦስት ጥቅል ፕላስተር ይዛለች።

«ከመሳቢያሽ ነው ያወጣሁት» አለች። «ጠቅልይኝ።»

«ይደክምሻል።»

«ቁጭ ብዬ። ከወገብ በላይ ብቻ። ዘንድሮ እንኳ በአንድ በኩል ፕላስተር ይተርፍሻል።»

ሙጫ መሳቅ አልቻለችም፤ እታለም ግን እየጠበቀቻት ነበርና በመጨረሻ ፈገግ አለችላት። ካናቴራውን አለበሰቻት። የቀኙን ትከሻ ከያዘች በኋላ ወደ ግራ ተሻገረች። ጠባሳው በካናቴራው ሥር እንደ ገመድ ይታወቃል። «ያማል?» አለች። «ያማል። ግን አትለፊው። እንዳለ ውሰጂው» አለች እታለም። ሙጫ ፕላስተሩን አጠር አጠር አድርጋ እየቀደደች፣ በአውራ ጣቷ እየዳበሰች፣ እንዳለ ወሰደችው። በዚያን ሰዓት ነው ሁሉን የጠየቀቻት። ሆስፒታል ማን አደረሳት፣ ማን ምግብ ሠራላት፣ መጀመሪያ ያወቀችው በምን ነበር፣ ያን ቀን ምን ለብሳ ነበር። እታለምም አንድ በአንድ መለሰችላት። ደረቷ በተነሣ ቁጥር ፕላስተሩ ይጨማደድ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ዝም በዪ ያላት የለም።

ከዚያ ወዲያ ሰባት ቀን ነበራቸው። ጋሽ ሊፍት መዘውራቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው እየመጡ ምሳ ሰዓት ድረስ ከሙጫ ጋር ይከራከራሉ። ሙጫም ከመነጽር ቤቱ ፈቃድ ወሰደች። የቁራው ግራ ደረት ተፈታና ጠፍጣፋ ሆኖ ተሰፋ። ስፖንጅ ሞልቶ እንደ ቀኙ ማስመሰል ይቻል ነበር፤ ሙጫም ጠየቀቻት፤ እታለም ግን «ቁራ ጡት የለውም» ብላ አሳቀቻቸው። ቀጭን ገመድ ከቀኝ እጇ አንጓ ተነሥቶ በጀርባዋ አልፎ ከግራው ክንፍ ጋር ተያያዘ። ብሎኑን አንድ በአንድ እየጨመሩ፣ እየቀነሱ፣ ሲመዛዝኑ ዋሉ። በመጨረሻ እታለም ቀኟን ስታነሣ ግራው ክንፍ ብቻውን ተነሣ። መጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት እሷ ራሷ ደንግጣ ዞር ብላ አየችው፤ የሌላ ሰው ክንድ ይመስል።

የትርኢቱ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሙጫ እንደ ድሮው መጋረጃ ጀርባ ሆነች። እታለም ቀስ ብላ ገባች፤ አካሄዷ የድሮው አልነበረም፣ ፍጥነት የለውም፣ ግን ጭንቅላቷን እንደ ቁራ ሰበር ቀና እያደረገች ሄደች። መሃል ላይ ቆመች። ቀኟን አነሣች። ቀኙ ክንፍ ጠሽ ብሎ ተከፈተ፤ ግራው አንዲት ትንፋሽ ያህል ዘግይቶ፣ በዝግታ ተከተለው። ሰው ሆን ተብሎ የተደረገ መሰለው። ከዚያ በልምምዱ ያልነበረ ነገር አደረገች። በትምህርት ቤት የተከለከለችውን የቁራይቱን ንግግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረችው። ሰዉ መሳቅ ጀመረ፤ እሷም ሳቁ እየጣማት ከራሷ እየጨመረች ቀጠለች። የመድረክ አስተናባሪው ሰዓቱን ቢያሳያትም አልሰማችውም። ሙጫ በመጋረጃው ቀዳዳ ስታያት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትናፍቅ የኖረችው ትከሻዋንና ወገቧን ሳይሆን ይህንን ወሬዋን መሆኑ ገባት፤ እሱ ደግሞ በፕላስተር አይለካም።

አንደኛ የወጣችው ከተጣለ የሆስፒታል ቱቦ የጠላቂ ልብስ የሠራችው ነርስ ናት። ቁራው ሦስተኛ እንኳ አልሆነም። እታለም ተናደደች። «ዳኞቹን መነጽር ቤት ውሰጂያቸው» አለቻት ወደ ቤት ሲሄዱ፤ ጋሽ ሊፍትም ጋሪውን እየገፉ ሳል እስኪይዛቸው ድረስ ሳቁ።

የቀሩት ስድስት ቀናት እንዴት እንዳለቁ ሙጫ አታውቅም። የመጨረሻው ቀን ጠዋት እታለም ሻንጣዋን ዘግታ የሥራ ክፍሉ ውስጥ ገባች። ሁለቱ የፕላስተር ገላዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የአርባ ዓመቷና የኀምሳ አንድ ዓመቷ።

«የድሮዋን ምን ልታደርጊያት ነው?»

«እንጃ። ልጣላት?»

«ተያት» አለች እታለም። ትከሻዋን በእጇ መታ መታ አደረገቻት። «እኔንም እኮ ትናፍቀኛለች።»

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሲተቃቀፉ እታለም ግራ ጎኗን አልመለሰችም።

ሙጫ ሥራዋን ቀጠለች። ናፍቆቱ ይቀልላታል ብላ ነበር፤ አልቀለላትም፤ እንዲያውም ባሰባት። ቀድሞ የምትናፍቃት ሴት ቦታዋ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። አሁን የምትናፍቃት ሴት በየቀኑ ትለዋወጣለች፤ አንድ ቀን ክንዷ ያብጣል፣ አንድ ቀን ደኅና ታድራለች፣ አንድ ቀን በመፍራቷ ብቻ ታለቅሳለች። ይህንንም አሁን ትነግራታለች። ሙጫ ስልኩን ዘግታ መነጽር ቤት ስትሄድ፣ ሌንስ ስትሞርድ፣ የእታለም ልክ የት እንደደረሰ አታውቅም።

እታለም በየሁለት ወሩ አንድ ሐሙስ ለክትትል ሆስፒታል ትሄዳለች። ከተመለሰች በኋላ መጀመሪያ በሄደችበት ሐሙስ ሙጫ ደወለችላት።

«ተራ እየጠበቅኩ ነው» አለች እታለም በሹክሹክታ። «እዚህ ማውራት አይፈቀድም።»

«አታውሪ። አትዝጊው ብቻ።»

ሙጫ ስልኩን ከመሞረጃው አጠገብ፣ መደርደሪያው ላይ አቆመችው። ባለቤቱ አይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከወዲያ በኩል ወንበር ሲንቀራጨጭ ይሰማል፤ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ አንዲት ሴት በማታውቀው ቋንቋ ቁጥር ትጠራለች። ሙጫ የየትኛው ቁጥር ተራ እንደሆነ አይገባትም። ሌንሱን አጥባ በጨርቅ ጠረገች፣ ወደ ብርሃኑ አድርጋ አየችው፣ ሌላ አነሣች። በመካከሉ እታለም አንድ ጊዜ ስታስል ሰማች፤ ቆይቶ ደግሞ ትንፋሽዋን። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንዲያ ቆዩ። ከዚያ ሴትዮዋ አንድ ቁጥር ጠራች፣ ወንበሩ ተንቀራጨጨ፣ እታለምም ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ «ገባሁ» አለች።